ጉበትን ስለ መተካትና ጉበትን ስለ መጠበቅ

ጉበት በሙሉ ሰው ሰውነት ውስጥ 1 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። በቀኝ ጐን ከጐድን አጥንቶች ሥር ተሸሽጎ ከአንጀት የሚመጣውን ደም ያጣራል፤ ሐሞትን ያመነጫል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ያዘጋጃል፤ ለሰውነት ኀይል የሚሆነውን ስኳር ያከማቻል። ኩላሊት ሥራውን ቢያቆም ደሙን በውጭ የሚያጥብ መሣሪያ አለ። ጉበት ፈጽሞ ሲበላሽ ግን ሥራውን ሁሉ ለዘለቄታው የሚተካ መሣሪያ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሐኪሞች የሌላውን ሰው ጉበት አውጥተው በበሽተኛው ሆድ ወደ መትከል፣ ይኸውም ዛሬ ንቅለ ተከላ ወደሚባለው ሥራ የተገፉት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉልን።

በማርች 1 ቀን 1963 በአሜሪካ አገር በዴንቨር ከተማ ዶክተር ቶማስ ስታርዝል የተባሉት ሐኪም፣ የሐሞት መውረጃው ቧንቧ ተደፍኖበት ጉበቱ ለተበላሸ የ3 ዓመት ሕፃን ሌላ ጉበት ሊተክሉለት ተነሡ። ከዚያ አስቀድሞ በውሾች ላይ ለብዙ ጊዜ ተለማምደው ነበር፤ ነገር ግን የውሾቹ ጉበት ጤነኛ ነበረ። ሕፃኑ ጉበቱ ከታመመ የቆየ በመሆኑ ደሙ በወጉ አይረጋም፤ በሆዱም ውስጥ ደም ሥሮቹ አብጠውና ተበራክተው ስለ ተገኙ፣ ቢላዋው በነካበት ስፍራ ሁሉ ደም ፈሰሰ። የሐኪሞቹ ድካም ሁሉ ሊያቆመው አልቻለም፤ ሕፃኑም ቀዶ ጥገናው ሳይፈጸም ዐረፈ።

በዚያው ዓመት ለሌሎች በሽተኞች ሲሞከር ደም የሚያረጋ መድኃኒት ተሰጠ። መድማቱ ቀነሰ፤ ዳሩ ግን አሮጌው ጉበት ወጥቶ አዲሱ እስኪገባ ድረስ ደሙ እንዲያልፍባቸው በተዘጋጁት የፕላስቲክ ቱቦዎች ውስጥ የረጋው ደም እየተነሣ ወደ ሳንባ ሄደ። አንዱን ሞት የከለከለው መድኃኒት ለሌላው ሞት በር ከፈተለት ማለት ነው። በቦስተንና በፓሪስ የተደረገውም ሙከራ አልተሳካም፤ ከእነዚያ ከመጀመሪያዎቹ በሽተኞች አንድ ወር የሞላው አልነበረም።

ስታርዝል ከዚህ በኋላ ይህን ቀዶ ጥገና በሰው ላይ ማድረጉን ለጥቂት ዓመታት አቆሙ፤ ወደ ምርምር ቤታቸውም ተመለሱ። እኛ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ የምናደንቀው ይህን ማቆም ነው፤ ስመ ጥር የሆነ ሐኪም ዓለም እየተመለከተው እጁን ለመሰብሰብ ሳይደፍር የቀረበት ጊዜ ብዙ ነውና። በ1967 ሥራው እንደገና ሲጀመር በጉበቷ ነቀርሳ (ካንሰር) የነበረባት አንዲት የዓመት ተኩል ሕፃን አዲስ ጉበት ተተክሎላት ከአንድ ዓመት በላይ ኖረች። በመጨረሻ የገደላት ቀድሞ የነበረባት ነቀርሳ ተመልሶ በሰውነቷ በመሠራጨቱ ነበር።

ሁለተኛው እንቅፋት ሰውነት ራሱ ነው። ሰውነት ከውጭ የገባበትን ሥጋ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋዋል። በኖርዌይ አገር ከተገኘ አፈር ውስጥ በነበረ ሻጋታ መሰል ነገር የተሠራው ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት ይህን ውጊያ የሚያበርድ ሆኖ ተገኘ። ስታርዝል ከ1980 ጀምሮ መድኃኒቱን ሲጠቀሙበት፣ ቀድሞ ከ10 በሽተኞች አንድ ዓመት የሚቆዩት 3 ያህል የነበሩት ወደ 7 ከፍ አሉ። በ1983 በአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም የተሰበሰቡት ሊቃውንት የጉበት ንቅለ ተከላ ሙከራ መሆኑ ቀርቶ የታወቀ ሕክምና ነው ብለው ተስማሙበት። ጉበት ተቈርጦ የሚያድግ በመሆኑም ዛሬ ጤነኛ ዘመድ ከጉበቱ ከፍሎ ይሰጣል፤ የሰጪውም የተቀባዩም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አድጎ ለሥራው ይበቃል።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ እንግዲያስ ጉበት ቢበላሽ በሌላ ይተካል፤ ምን ያስፈራል? ይል ይሆናል። ጉበቱ ይለወጣል፤ ደሙ ግን ያው ነው። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ጉበታቸውን ያጠፋባቸው ሰዎች አዲስ ጉበት ሲተከልላቸው፣ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ቆይቶ አዲሱንም ይይዘው ነበር፤ ስለዚህም አንዳንድ ሆስፒታሎች እንደነዚህ ያሉትን በሽተኞች እስከ መመለስ ደርሰው ነበር። በ1993 የፈረንሳይ ሊቃውንትና ባልደረቦቻቸው ቫይረሱን የሚያጠምድ ፀረ እንግዳ አካል ለረዥም ጊዜ በመርፌ ቢሰጥ በሽታው የሚመለስባቸው ሰዎች እንደሚቀንሱ ገለጹ። በኋላም ቫይረሱን የሚገታ ክኒን ተጨምሮበት፣ ዛሬ በሽታው በአዲሱ ጉበት ላይ የሚመለሰው በጥቂቶች ነው። በሽተኛው ግን መድኃኒቱን ሊያቋርጥ አይገባውም።

ይህን ቫይረስ ያስገኘው ምርምር የጀመረው ጉበትን በመፈለግ አልነበረም። ዶክተር ባሩክ ብሉምበርግ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ደም ሲያወዳድሩ ከአንድ የአውስትራልያ ተወላጅ ደም ውስጥ ያልታወቀ ነገር አገኙ፤ ግኝቱም በ1965 ታተመ፤ ከቫይረሱ የመጣ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ከዚያ የተነሣው ክትባት በአሜሪካ በ1981 ተፈቀደ። የታይዋን መንግሥት በ1984 ለሕፃናት መስጠት ጀምሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ነቀርሳ መቀነሱ ተረጋገጠ። ነቀርሳን የሚከለክል የመጀመሪያው ክትባት የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ይህ ቫይረስ በደማቸው የሚኖር ሰዎች 254 ሚሊዮን እንደ ነበሩ አስታውቋል። ይህን ለሚያህል ሕዝብ የሚበቃ ጉበት ከየት ይገኛል?

በአገራችን ዓይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ይባላል። ይህ ቢጫነት ጉበት ወይም የሐሞት መንገድ ሲታወክ፣ እንዲሁም በወባና በመሳሰሉት ሕመሞች ደም ሲበላሽ የሚታይ ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ አንድ ደዌ አይደለም። አንዳንዱ በቈሻሻ ውኃና ባልታጠበ እጅ ይመጣል። ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፈው ግን በደም፣ በግብረ ሥጋና ከእናት ወደ ልጅ ነው። ቫይረሱ በደረቀ ደም ላይ 7 ቀን ያህል ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል፣ ለዋግምት፣ ለእንጥል ማስቈረጥ፣ ለንቅሳትና ለፀጉር መላጨት አንድ ምላጭ በብዙ ሰው ላይ ማዘዋወር ትልቅ አደጋ ነው። ምላጩን በውኃ አጥቦ ወይም በጨርቅ ጠርጎ መመለስ ንጹሕ አያደርገውም። ዓይኑ ቢጫ ለሆነ ሰው ያልታወቀ ሥር ቀጥቅጦ ማጠጣትም የተጎዳውን ጉበት ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል፤ የሻገተ እህልና ለውዝም እንዲሁ ለጉበት መርዝ ስላለበት ለምግብ አይዋል።

በአገራችን ከ2007 ጀምሮ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ሕፃናት በሚወጉት ክትባት ውስጥ የዚህ በሽታ መከላከያ አለበት። ይሁን እንጂ ቫይረሱ በተወለዱበት ጊዜ ከያዛቸው ሕፃናት ከ10 ውስጥ 9 ያህሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይዘውት ይኖራሉ። ስለዚህ እርጉዝ ሴት ሁሉ ደሟን ታስመርምር፤ ቫይረሱ የተገኘባትም እንደ ሆነ አስቀድማ ለሐኪሙ ታስታውቅ፤ የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት ይኖርበታልና።