ከማጅራት ገትር በኋላ የመስማት ነርቭ ምን ያህል ይቆያል?

በማጅራት ገትር ታሞ በአምባ ጊዮርጊስ የሚታከም ሕፃን ትኩሳቱ ሲበርድና አንገቱ ሲላላ፣ ሕክምናው የተጠናቀቀ ይመስላል። ከሳምንታት በኋላ እናቱ «ስጠራው አይዞርም» ብትል፣ የበሽታው ድካም ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ይህ ግን ብዙ የሚያስከፍል ስሕተት ነው።

በአብዛኛው ከባድ የመስማት ችግር ቀድመው የሚጠፉት በውስጠኛው ጆሮ፣ ማለትም በኮክሊያ፣ የሚገኙት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ናቸው። ማጅራት ገትርም ሆነ እንደ ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መድኃኒቶች ሊያጠፏቸው ይችላሉ፤ በሰው ጆሮ ውስጥም ተመልሰው አይተኩም። ኮክሊያር ኢምፕላንት የተባለው መሣሪያ የጠፉትን ሕዋሳት አልፎ ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ያነቃቃል። ስለዚህ የሚነቃቃ ነርቭ መኖር አለበት።

በድመትና በጊኒ ፒግ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ሲሞቱ ነርቩን በሕይወት የሚያቆዩ ፕሮቲኖች ይቀንሳሉ። መጀመሪያ የነርቩ ጫፍ፣ ቀጥሎም የስፓይራል ጋንግሊዮን ሕዋሳት ይመናመናሉ። በሰው ላይ ሂደቱ እጅግ የዘገየ ነው። በሕይወት ሳሉ ለረጅም ዓመታት መስማት የተሳናቸው ሰዎች አስከሬን ሲመረመር፣ በጤናማ ጆሮ 30,000 ገደማ ከሚደርሱት ከእነዚህ ሕዋሳት በርካቶች ተርፈው ተገኝተዋል። የቀሩት ብዛት እንደ መንስኤው ይለያያል፤ በመድኃኒት ሳቢያ ከደነቆረ ጆሮ ይልቅ በማጅራት ገትር በተጎዳው ውስጥ ያነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በኢምፕላንቱ ኤሌክትሮድ አማካይነት ነርቭ አሳዳጊ ጂን ወደ ጊኒ ፒግ ኮክሊያ አስገብተው የነርቩን ጫፎች ዳግም ማሳደግ ችለዋል።

ከማጅራት ገትር በኋላ ግን የሚያጣድፈው ነርቩ ብቻ አይደለም። ብግነቱ የኮክሊያን ቦይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ አጥንት መለወጥ ሊጀምር ይችላል፤ ቦዩ ከተዘጋ ኤሌክትሮዱን ማስገባት ይከብዳል፣ አንዳንዴም አይቻልም። ቋንቋ ያልጀመረ ሕፃን ከሆነ ደግሞ፣ ድምፅ ሳያገኝ የሚያልፈው ጊዜ የአንጎሉን የመስማት ችሎታ ያደክማል።

ስለሆነም የመስማት ምርመራው ሕፃኑ ከመውጣቱ በፊት፣ ቢዘገይ በ4 ሳምንታት ውስጥ መደረግ አለበት። ማጨብጨብ ብቻውን አያስተማምንም፤ ንዝረቱና የእጅ እንቅስቃሴው ሕፃኑን ሊያዞሩት ይችላሉና። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ጎንደር ሪፈር መጻፍ ይገባል። ኢምፕላንቱ ውድ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የዓመታት ክትትልና የንግግር ሥልጠና ይጠይቃል፤ ብዙ ቤተሰብ ላያገኘው ይችላል። ያኔም ቢሆን የምልክት ቋንቋ ሳይዘገይ መጀመር አለበት። በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሕመሙ የጀመረበት ቀን ይጻፍ፤ ቀዶ ሐኪሙ ሳምንታቱን የሚቆጥረው ከዚያ ነው።