የስድስት ኪሎ አንበሶች፦ ሕግ፣ መኖሪያና የህልውና ጥያቄ

ከፒያሳ በአራት ኪሎ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ መንገደኛ አንበሳ ግቢን ያገኛል። ግቢው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲመሠረት አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶች እንደነበሩት ይነገራል። የእነዚህ ዘሮች ለከተማው ነዋሪ መዝናኛ ቢሆኑም፣ ለጥበቃ ሳይንስ ግን ከባድ ጥያቄ አንሥተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት በግቢው የነበሩ 15 አንበሶችን ከሌሎች አንበሶች ጋር አነጻጽሮ የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ወንዶቹ እስከ ደረትና ሆድ በሚወርደው ጥቁር ጎፈራቸው ይታወቃሉ። አጥኚዎቹ በእንክብካቤ እንዲራቡ መክረዋል። ይሁንና የመሥራቾቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ የዘመዳሞች መራባት ያሰጋል። ቢበዙስ የሚለቀቁት ወዴት ነው?

የሕግ ጥበቃ አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቀላቀለችው የሳይተስ ስምምነትም ዓለም አቀፍ ንግድን ይቆጣጠራል። ነገር ግን አዳኝንና ነጋዴን መከልከል የሚመነጠረውን ጫካ አያስቆምም። አንበሳ ሰፊ ግዛትና በቂ ታዳኝ እንስሳ ይሻል። ጫካው ለእርሻ ሲመነጠርና ግጦሹ በከብት ሲያዝ ታዳኞቹ ይመናመናሉ፤ የተራበው አንበሳ ወደ በረት ይጠጋል፤ ከብቱን ያጣው ባለቤትም ጥይት ወይም መርዝ ያነሣል። በዚህ ሁኔታ የመኖሪያ መጥፋት ራሱ ሕግ መጣስን ይወልዳል።

ተስፋ ግን አልተሟጠጠም። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በአማራ ክልል፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር በሚዋሰነው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸውን አረጋግጠዋል። እነዚህን ለማቆየት የሰሜን ተራሮች ተሞክሮ ያስተምራል። ዋልያን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1969 የተከለለው ፓርክ በ1978 የዓለም ቅርስ ቢሆንም፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣውም በ2017፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ውጭ ከሰፈሩ በኋላ ነበር። ክለላ ብቻውን አለመብቃቱን፣ የጥበቃው ዋጋም በአካባቢው ሕዝብ ላይ የሚወድቅ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ስለዚህ የአዋጅ ውጤታማነት በቅጣቱ ክብደት ብቻ ሊለካ አይገባም። ለፓርኩ አዋሳኝ ነዋሪ ግጦሽና መተዳደሪያ ያልታሰበለት ጥበቃ ዘላቂ አይሆንም። የስድስት ኪሎው አጥር የአንበሳውን ዘር ሊያቆይ ይችላል፤ የዱር አንበሳነቱን የሚያቆየው ግን ዱሩ ነው።