ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ፤ ከመሐንዲስነት ወደ መንግሥት አማካሪነት

ውሃ በተዘጋ ቧንቧ ሲሄድ ወደ ሸለቆ ወርዶ ኮረብታ ሊወጣ ይችላል፤ ነገር ግን መውጫው ከምንጩ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ስለዚህ መሐንዲስ ቧንቧውን ከመዘርጋቱ በፊት የሁለቱን ከፍታ መለካት ግዴታው ነው። በ1886 ዓ.ም. ገደማ የእንጦጦን ውሃ በዚህ ጥበብ ወደ ቤተ መንግሥቱ ያወረዱት የስዊስ አገር ተወላጅ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው።

ሙሴ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. ተወልደው በዙሪክ ከተማ ምሕንድስና ከተማሩ በኋላ፣ በ1871 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ወደ ነበሩት ወደ ምኒልክ መጡ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጭነው ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ፣ የመሐንዲሱም ሥራ ከመንግሥቱ ጋር እየሰፋ ሄደ። በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ የመሥራት ፈቃድ ተሰጣቸው፤ ከዓድዋ ድል በኋላም የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ስለ ውልና ስለ ወሰን ሊነጋገሩ በመጡበት በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ተብለው ተሾሙ።

ብርቱው ፈተና የተነሣው ከዚሁ ነው። የባቡሩን ፈቃድ የተቀበሉትና ንጉሠ ነገሥቱን የሚመክሩት አንድ ሰው ነበሩ። ኩባንያው ገንዘብ ባጠረው ጊዜ በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ለነጋዴ የሰጡት ፈቃድ በባዕድ መንግሥት እጅ መግባቱን ባዩ ጊዜ የአገራቸው ነፃነት የተነካ መሆኑን ተረድተው እጅግ አዘኑ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ቆመ፤ ኩባንያው ከስሮ ሥራው ለሌላ ኩባንያ ተላለፈ፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሙሴ ኢልግ ግን ወደ 1899 ዓ.ም. ገደማ አገልግሎታቸውን ትተው ነበርና፣ ይህን ሳያዩ በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ዐረፉ።

አገልግሎታቸው ብዙና የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ለማየት ወደ ተራራው የሚወጣ ሹም፣ ቍልቍል ከተማይቱን ሲመለከት ከታሪካቸው አንድ ምክር ሊወስድ ይገባዋል፤ ውሃን ለማውረድ ከፍታውን መለካት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ መንግሥትን የሚመክር ሰውም አስቀድሞ የገዛ ጥቅሙን ከሚዛኑ ላይ ማውረድ ያስፈልገዋል።