ሀኬት ያይደለ ድካም

የታይሮይድ ዕጢው የታመመበት ሰው ዳገት እንዳይወጣ፣ ላብ የሚያወጣ ሥራም እንዳይነካ፣ ይህን ቢተላለፍ ግን የዋጠው መድኃኒት ከላቡ ጋር ተንጠፍጥፎ እንደሚያልቅበት የሚያስተምር ወሬ ከቡና ማኅበር ወደ ለቅሶ ቤት ሲዘዋወር መስማት ያስቆጣል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በየማለዳው የሚሮጥ ሰው ክኒኑን ቢጥል ግድ የለም የሚለው ምክር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያው አፍ ይወጣል። የዕጢው ሆርሞን ላነሰበት ሰው የሚታዘዘው ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ በደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚኖርና ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 7 ቀን ያህል የሚፈጅ ነውና፣ የአንድ ማለዳ ላብ አጥቦ አይወስደውም።

ዕጢው ከማንቁርት በታች መቀመጡን፣ አዮዲን ሲያጣም አብጦ እንቅርት መሆኑን የደጋው አገር ሰው አሳምሮ ስለሚያውቀው አልዘገይበትም። የምዘገይበት በጡንቻ ውስጥ በሚፈጸመው ነገር ላይ ነው።

ዕጢው በብዛት የሚያመነጨው ታይሮክሲን፣ ኤድዋርድ ኬንዳል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1914 እ.ኤ.አ. በምዕራባውያን የልደት በዓል ዕለት በንጹሕ መልኩ ለይቶ ያወጣው ሆርሞን፣ አራት የአዮዲን አተሞች ተሸክሞ በደም ይዞራል፤ ግብሩን በሙላት የሚፈጽመው ግን ጡንቻና ሌሎች የአካል ክፍሎች በገዛ ኢንዛይማቸው አንዱን አዮዲን ነጥቀው ሦስት ካስቀሩለት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ የትኛው ፕሮቲን ይብዛ፣ የትኛውስ ይነስ የሚለውን ሥርዓት ያዛል፤ ከሚያዛቸውም መካከል ካልሲየምን ወደ ማከማቻው የሚመልሰው ፕሮቲን ይገኛል። ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ከማከማቻው ሲለቀቅ፣ የሚላላውም ካልሲየሙ ተሰብስቦ ሲገባ ነውና፣ ማከማቻውን እንደ በረት ብናስበው፣ በሩ ሲከፈት ከብቱ ያለ እረኛ ግር ብሎ ይወጣል፤ ወደ በረቱ ለመመለስ ግን እረኛ፣ ማለትም ያን ፕሮቲን፣ ይሻል፣ እረኛውም ስንቅ፣ ማለትም ኃይል፣ ይሻል። ሆርሞኑ ሲያንስ እረኞቹ ያንሳሉ፤ ስለዚህም ሐኪም በጎማ መዶሻ የተረከዝን ጅማት ሲመታ የእንዲህ ያለው ሕመምተኛ እግር እንደ ወትሮው ይፈናጠርና፣ ወደ ቦታው ሲመለስ ግን በዓይን እስኪታይ ድረስ ይዘገያል።

በደረጃ ላይ የሚከብደው፣ በማግሥቱም ጭኑን የሚያመው ሰው ታዲያ ሀኬት ያዘው ተብሎ በቤተ ዘመድ ሲፈረድበት፣ ፍርዱ ጡንቻው ሊፈጽመው ያልቻለውን ግብር በምግባሩ ላይ መጫን ነው። ደሙ ሲመረመር ሆርሞኑ ተስተካክሎ ቢገኝ እንኳ ጡንቻው ለወራት ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ ስለሆነም አካሄዱ በዝግታ ከሜዳ ጉዞ ጀምሮ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እስከሚለው የዓለም የጤና ድርጅት ምክር ድረስ ቀስ በቀስ ማደግ ይኖርበታል፤ የልብ ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሆርሞኑ ሲበዛ ነገሩ ይገለበጣል። እረኞቹ ከሚገባው በላይ በዝተው ስንቁን ይጨርሱታል፣ የሚባክነውም ኃይል ሙቀት ይሆናል፣ የጡንቻው ፕሮቲን ራሱ ይፈርሳል፤ ሕመምተኛው ከበርጩማ ለመነሣት እጁን ጉልበቱ ላይ የሚያስደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ልብም ጡንቻ ነውና በዕረፍት ጊዜ ሳይቀር ይጋልባል፣ ምቱም ሥርዓቱን ሊስት ይችላል፤ በዚህ ወቅት ብርቱ ሩጫ ድፍረት እንጂ ጀግንነት አይባልም፣ ሆርሞኑና የልብ ምቱ በሕክምና እስኪገቱ ድረስ ሊቆይ ይገባዋል። አሜሪካዊቷ ጌይል ዴቨርስ ግሬቭስ የተባለው የታይሮይድ በሽታ በ1990 እ.ኤ.አ. ተገኝቶባት፣ በጨረራማ አዮዲን ታክማ፣ እግሮቿ ይቆረጡ ይሆናል እስከ መባል ደርሰው ከዳኑ በኋላ በ1992 በባርሴሎና በ100 ሜትር ወርቅ አገኘች፣ በ1996 በአትላንታም ደገመችው፤ ሩጫዋ ሕክምናዋን ተከተለ እንጂ አልተካውም።

እንቅስቃሴ ራሱ የዕጢውን ሥራ ያቃናል ወይ ለሚለው ግን፣ ምርምሮቹ ጥቂት ሰዎችን የያዙ፣ ውጤታቸውም የማይስማማ በመሆኑ፣ አዎን ለማለት አልደፍርም። ድካሙ ያልለቀቀው ሰው ባለ ሦስት አዮዲኑን ሆርሞን ቢጨምር ይሻለዋል ወይ በሚለውም ባለሙያዎች አልተስማሙም፤ ንጽጽሮቹ በጠቅላላው ብልጫ ባያሳዩም፣ ተሻለን የሚሉ ሕመምተኞች መኖራቸው አይካድም።

የማያከራክረው ክኒኑ በባዶ ሆድ በውኃ መዋጡ፣ ቡናና ቁርስ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻልም አንድ ሰዓት መቆየታቸው፣ የብረትና የካልሲየም ክኒን ደግሞ በ4 ሰዓት መራቁ ነው፤ እንግዲያውስ ማለዳ ክኒኑን ውጦ ለእግር ጉዞ የሚወጣ ሰው ተመልሶ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሰዓቱ ሞልቶለት ያገኘዋል።