ባለቤቱ ቢታመም ወፍጮው ይቁም?

አጋርፋ የስንዴና የገብስ አገር ናት። እህል ሲገባ ወፍጮ ቤት ደጅ ላይ ሰልፉ ይረዝማል። ሴቶች ጆንያ አዝለው፣ አህያ ጭነው ይመጣሉ። ዱቄት ሳይዙ ከተመለሱ ማታ ልጅ ምን ይበላል?

እስቲ አንድ ወፍጮ ቤት በሐሳባችን እንመልከት። ሞተሩ በናፍጣ ይሠራል። ባለቤቱ ታታሪ ሰው ነው። ሞተር የሚያስነሳ እሱ፣ የሚመዝን እሱ፣ ገንዘብ የሚቀበል እሱ፣ ድንጋዩን የሚወቅር እሱ። ቁልፉ በኪሱ፣ ዱቤው በራሱ ውስጥ ነው። አንዳንዱን ዱቤ ግድግዳው ላይ በከሰል ጭሮታል። አንድ ረዳት አለው፤ ረዳቱ ግን ጆንያ ከማንሳት በቀር ሌላ አይነካም።

ይህ ሰው አንድ ቀን ታሞ ጎባ ሆስፒታል ቢተኛስ? ረዳቱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሚስቱ ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት አታውቅም። ጭረቱን የሚያነበው የጫረው ሰው ብቻ ነው። ወፍጮው ይቆማል። ለሕክምና ገንዘብ በሚያስፈልግበት ሳምንት ገቢው አብሮ ይቆማል። እናቶችም እህላቸውን እንዳዘሉ ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳሉ፤ በዚያው ሊቀሩም ይችላሉ።

ሞተሩ ደህና ነው፤ ናፍጣም አለ። ችግሩ የሥራው ዕውቀት ሁሉ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ መቀመጡ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዱቤ ሁሉ በደብተር ይጻፍ። ቀኑ፣ ስሙ፣ የእህሉ ኪሎ፣ ያልተከፈለው ብር ይግባ።

ሁለተኛ፣ የቀኑ ሒሳብ ማታ ይዘጋ። 8 ኩንታል ተፈጨ እንበል፤ 800 ኪሎ ነው። ለአንድ ኪሎ 3 ብር ቢከፈል 2,400 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 200 ብር ዱቤ ነው፤ 900 ብር ለናፍጣ ወጥቷል። ስለዚህ በሳጥኑ 1,300 ብር መገኘት አለበት። ባለቤቱና ረዳቱ አብረው ቆጥረው ይፈርሙ።

ሦስተኛ፣ የሞተሩ አያያዝ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ምን ይታያል? ቺንጋው ሲላላ ምን ይደረጋል? ድንጋዩ መቼ ይወቀራል? የመካኒኩ ስልክ ቁጥር ስንት ነው? ወረቀት ብቻውን ግን ሰው አያሠለጥንም። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ እያየ ረዳቱ ራሱ ያስነሳ፤ ራሱ ይመዝን። የሚሽከረከር ቺንጋ እጅ ይቆርጣልና ሞተሩ ሳይቆም እንዳይነካው አስቀድሞ ይማር።

አራተኛ፣ ቁልፉ ሁለት ይሁን። አንዱ በሚስቱ ወይም በሚያምነው ሰው እጅ ይቀመጥ።

«ለሌላ ሰው ከለቀቅሁማ እሰረቃለሁ» የሚል አይጠፋም። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን እድራችንን እንመልከት። እድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። የሚጽፈው ሌላ፣ ገንዘቡን የሚይዘው ሌላ ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ያያል። ዳኛው ቢሞት እድሩ አይፈርስም፤ እንዲያውም ዳኛውን ይቀብራል። ወፍጮ ቤቱስ ለምን እንዲህ አይሆንም?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ ደንግጎ ነበር። ፊደል ላልለየ ሰው ግን መዝገብ ምን ይጠቅመዋል? የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር በየገጠሩ ፊደል የለየ ሰው ጥቂት ነበር። እናንተ ግን ዛሬ ይህን ገጽ እያነበባችሁ ነው። ደብተሩን ለመጀመር ሌላ ሰው አትጠብቁ።

ወፍጮ፣ ሱቅ ወይም ሻይ ቤት ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ሥራውን ለረዳታችሁ ወይም ለልጃችሁ ተዉለት። እናንተ ደብተር ይዛችሁ ጥግ ተቀመጡ። «ጋሼ፣ ይህ ስንት ነው?» «እትዬ፣ ያ የት ተቀመጠ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄውንም መልሱንም ጻፉ። የጠየቃችሁ ነገር ሁሉ እስከዚያ ቀን ድረስ በራሳችሁ ውስጥ ብቻ የነበረ ነው።

ተወያዩበት፦ እናንተ ለአንድ ወር ከሥራችሁ ብትርቁ መጀመሪያ የሚቆመው ነገር ምንድን ነው? ያንን ሥራ ከዛሬ ጀምሮ ለማን ታስተምራላችሁ?