መያዣው ይቅደም፦ ዕዳና የእርጅና ስንቅ በፎገራ ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በደራ ወረዳ የምትገኘው ሐሙሲትና ከጉማራ ወንዝ ማዶ ያለችው ወረታ በፎገራ ሜዳ ዙሪያ የሚኖረውን ገበሬ፣ መምህር፣ ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ገበያ የሚያገናኙ ከተሞች ናቸው፤ ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች ሲያረጁ የሚተዳደሩበት ነገር እጅግ የተለያየ ስለሆነ፣ ዕዳቸውን በምን ቅደም ተከተል ይክፈሉ ሲባል ለሁሉም የሚስማማ አንድ ምክር አይገኝም። ደመወዝተኛው 60 ዓመት ሲሞላው የጡረታ አበል ይጠብቃል፤ ለገበሬው ግን ጡረታው መሬቱ፣ ከብቱና ልጆቹ ናቸው።

ስለ ግል ዕዳ በውጭው ዓለም በብዛት የሚሰጡት ምክሮች ሁለት ሲሆኑ፣ አንደኛው ከፍተኛ ወለድ ያለው ዕዳ አስቀድሞ ይከፈል ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ተበዳሪው ልቡ እንዲበረታ ትንሹን ዕዳ ቶሎ ዘግቶ ወደሚቀጥለው ይለፍ ይላል። ሁለቱም ምክሮች የተስፋፉት ብዙው ሰው ያለ መያዣና ያለ ዋስ በባንክ ካርድ በሚበደርበት አገር ነው። በሐሙሲት አካባቢ ግን ዕዳ ብቻውን አይመጣም፤ ወይ መሬት ይዞ ይመጣል፣ ወይ የሥራ ባልደረባን ደመወዝ፣ ወይ የጎረቤትን ስም። ስለዚህ ወደ እርጅና ለተቃረበ ሰው ቀዳሚው ጥያቄ ወለዱ ስንት ነው የሚለው ሳይሆን፣ ዕዳው የያዘው ነገር ነገ የሚጦረውን ነው ወይ የሚለው ሊሆን ይገባል።

የደመወዝተኛው ሁኔታ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። በጡረታ ሕግ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ በየወሩ ያዋጣሉ፤ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛም ዕድሜው ሲደርስ እስከ ዕለተ ሞቱ የሚከፈለው አበል ያገኛል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ባስቀመጠው ቀመር መሠረት፣ የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያስገኛሉ፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይታከላል፤ ጠቅላላው ግን ከ70 በመቶ አይበልጥም። በዚህ ስሌት 30 ዓመት ያስተማረና አማካይ ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ መምህር 55 በመቶ፣ ማለትም 4,950 ብር ያገኛል። ይህ መምህር በየወሩ 2,500 ብር የሚከፍልበት ብድር ቢኖርበት፣ ክፍያው በሥራ ላይ ሳለ ከደመወዙ ሲሦ የማይሞላ ስለነበር ቀሎት ይሆናል፤ ጡረታ በወጣ በመጀመሪያው ወር ግን ያው 2,500 ብር ከአበሉ ግማሹን አልፎ ይሄዳል። ሰውየው ቢሞት ደግሞ ሕጉ ለባለቤቱ የሚሰጠው የአበሉን ግማሽ፣ 2,475 ብር ነው፤ ይህም ከወርሃዊ ክፍያው በ25 ብር ያንሳል። ለቤት መሥሪያ ወይም ለልጅ ትምህርት የተወሰደ ብድር ለትዳር ጥቅም የተወሰደ ስለሆነ፣ ባለቤቲቱ የባሌ ዕዳ ነው ብላ የምትተወው አይደለም።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የብድሩ መክፈያ ጊዜ የሚለካው ከዛሬው ደመወዝ አንጻር ሳይሆን ከጡረታው ቀን አንጻር ነው። በ52 ዓመቱ የአምስት ዓመት ብድር የወሰደ ሠራተኛ የሦስት ዓመት ፋታ ይኖረዋል፤ በ57 ዓመቱ ያንኑ ብድር የወሰደው ግን ሁለት ዓመቱን ከአበሉ መክፈል አለበት።

እዚህ ላይ ዋስ ይገባል። የጡረታ አበል ለመንግሥት ግብር፣ ለቅጣትና ለቀለብ ካልሆነ በስተቀር በዕዳ ምክንያት እንደማይከበር የጡረታ ሕጉ ስለሚደነግግ፣ ጡረተኛው መክፈል ሲያቅተው አበዳሪው ዓይኑን የሚጥለው በዋሱ ደመወዝ ላይ ነው። ዋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ትምህርት ቤት ወይም ጽሕፈት ቤት የሚሠራ፣ በዕድሜ የሚያንስ ባልደረባ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ዋሱ ከባለዕዳው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ለመሆን ከፈረመ፣ አበዳሪው ባለዕዳውን ሳይከስ በቀጥታ ዋሱን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ በአንጻሩ ዋስ የሆነበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ እንዳይኖረው ያደርጋል። በይሉኝታ የሚፈረሙ ብዙ ወረቀቶች ስላሉ፣ ጡረታ ሊወጣ አንድና ሁለት ዓመት የቀረው ሰው የራሱን ዕዳ ብቻ ሳይሆን ለሌላ የፈረመውንም ዋስትና ቆጥሮ መመዝገብ ይኖርበታል፤ የፈረመለት ብድር ገና ተከፍሎ ካላለቀም ሌላ ዋስ እንዲተካ ከአበዳሪው ጋር በጽሑፍ የሚስማማበት ጊዜ ደመወዙ ሳይቆም ነው።

ወደ ገበሬው ሲዞር ነገሩ ይከብዳል። በደራ ወረዳ ጅግናና በፎገራ ወረዳ ሻጋ በነበሩ የገበሬዎች ማኅበራት በደርግ ዘመን ተጀምሮ በሜዳው የተስፋፋው ሩዝ፣ ቀድሞ በክረምት ውኃ የሚተኛበትን መሬት ወደ ጥሬ ገንዘብ ለውጦታል፤ የጉማራና የርብ ወንዞችን በሞተር እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማውም ገበሬ ብዙ ነው። ይሁንና ወጪውና ገቢው በአንድ ወቅት አይገናኙም። ሩዝ ክረምቱ ሲገባ ይዘራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል፤ በመካከሉ ማዳበሪያ፣ የአረም ጉልበት፣ የቤት ቀለብና የልጆች ደብተር አለ። ሽንኩርት ደግሞ ዘሩም ነዳጁም ውድ ሆኖ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲያወጣው ዋጋው የሚወድቅ ሰብል ነው። ስለዚህ ገበሬው በክረምት ተበድሮ በበጋ ይከፍላል፤ አንዳንዱም እሸቱ ሳይደርስ ሩዙን ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣል። በዚያው በበጋ፣ ከአጨዳ በኋላ፣ ጥር ላይ ሠርጉ፣ ተዝካሩና ክርስትናው ስለሚከተል፣ ለአበዳሪ የታሰበው ገንዘብ ለድግስ መዋሉ የተለመደ ነው፤ ማኅበራዊ ክብር ራሱ በክፉ ቀን ደራሽ የሚያስገኝ የእርጅና ስንቅ ስለሆነም፣ ድግሱን በጠቅላላው ብክነት ነው ብሎ መኮነን የአካባቢውን ኑሮ አለማወቅ ነው።

ለገበሬው እርጅና እጅግ አደገኛው ዕዳ ግን ወለድ አገድ ነው። ወለድ አገድ ማለት ተበዳሪው ገንዘብ ወስዶ መሬቱን ለአበዳሪው የሚያስረክብበት፣ አበዳሪውም ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ በወለድ ፈንታ ምርቱን የሚበላበት የብድር ዓይነት ነው። የዚህ ውል ክፋት ዋናው ብድር ፈጽሞ አለመቀነሱ ነው፤ ሩብ ሄክታር መሬት ለ10 ዓመት ሩዝ አፍርቶ ለአበዳሪው ቢገባም፣ ተበዳሪው በአሥራ አንደኛው ዓመት የሚፈለግበት ገንዘብ የመጀመሪያው ዕለት የተቀበለው ነው። መሬቱ ከእጁ ስለወጣም ዕዳውን የሚከፍልበት ምርት የለውም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ በመሆኑ ባለይዞታው መብቱን በስም አያጣም፤ የይዞታ ደብተሩ በሳጥኑ ውስጥ፣ እርሻው በሌላ ሰው በሬ ሥር ሆኖ ግን ሊያረጅ ይችላል። አንድ ሽማግሌ ጉልበቱ ሲደክም መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ግማሽ ምርት እየተቀበለ መኖር የሚችለው መሬቱ ነፃ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ በወለድ አገድ የተያዘ መሬት ያለው ገበሬ ሌላው ዕዳው ቢቆይ እንኳ ይህን አስቀድሞ ማስለቀቅ ይኖርበታል፤ ለዚህ ሲል ከመደበኛ ተቋም ቢበደርም የሚያተርፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

በክልሉ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቡድን ዋስትና ለገጠር ሰው ሲያበድር የኖረውና በኋላ ወደ ፀደይ ባንክነት የተለወጠው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአጭሩ አብቁተ፣ እንዲህ ያለውን አማራጭ ገበሬው ደጅ አድርሷል፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ደግሞ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር መያዣ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። በዚህ መንገድ ባለይዞታው እየከፈለ እስከቆየ ድረስ መሬቱን ራሱ ያርሳል፣ ዋናውም በየክፍያው ይቀንሳል።

ስለ አራጣ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግለሰቦች በብድር ውል ከዓመት 12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል፤ የወንጀል ሕጉም አራጣን ያስቀጣል። በወር 10 በመቶ የሚታሰብበት 10,000 ብር ግን በዓመት 12,000 ብር ወለድ ይወልዳል፤ በሕጉ ጣሪያ ቢሆን 1,200 ብር ነበር። እንዲህ ያለ ዕዳ መያዣ ባይኖረውም በመጨረሻ በሬውንም ቤቱንም ስለሚወስድ፣ ከወለድ አገድ ጋር በአንድ ረድፍ ይቆማል።

እቁብ ዕዳን ለመዝጋት የሚመች መሣሪያ መሆኑ ቢታወቅም ከጡረታ ጋር ያለው ዝምድና ብዙም አይነሳም። 20 አባላት በወር 1,000 ብር የሚጥሉበት እቁብ ላይ በሁለተኛው ወር ዕጣ የደረሰው ሰው በ18 ወር የሚመለስ፣ ወለድ የሌለበት ብድር አገኘ ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ የደረሰው ደግሞ ወለድ በሌለበት ሁኔታ ሲቆጥብ ቆይቷል። የኑሮ ውድነት በበረታበት ዘመን ቀዳሚው ይጠቀማል፤ ኋለኛው የሚያነሳው ገንዘብ የመግዛት አቅሙ ተሸርሽሮ ነው። አንድ ሠራተኛ ጡረታ ሊወጣ ዓመት ሲቀረው የ20 ወር እቁብ ቢገባና ዕጣው ቀድሞ ቢወጣለት፣ ዕዳውን ይዘጋል፤ የመጨረሻዎቹን ስምንት ወራት ግን ከአበሉ መጣል ይኖርበታል።

ዕዳ ከመክፈልና ለእርጅና ከመቆጠብ የቱ ይቅደም ለሚለው፣ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የተቀማጭ ገንዘብን ዝቅተኛ ወለድ ወደ 7 በመቶ ከፍ ማድረጉንና በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። በባንክ ደብተር ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ብር ባለቤቱን አይጦርም፤ ስለዚህ ለክፉ ቀን ከሚያስፈልገው የጥቂት ወራት ወጪ በላይ ያለውን ዕዳ መዝጊያ ማድረግ ያዋጣል። ቋሚ ወለድ ያለውና መያዣው የእርጅናን መተዳደሪያ የማይነካ ብድር ግን በችኮላ መዘጋት የለበትም፤ ግሽበት የዚያን ዕዳ ክብደት ከዓመት ዓመት ስለሚያቀልለው፣ ጊደር ወይም የቤት ክዳን ቆርቆሮ የገዛበት ገበሬ በጊዜው እየከፈለ ቢቀጥል አይጎዳም።

በገጠር ሽማግሌዎች ዘንድ ሌላው መንገድ መሬትን ለሚጦርና ለሚቀብር ልጅ ወይም ዘመድ በስጦታ ማስተላለፍ ነው። ይህ ስጦታ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሲመዘገብ መሬቱ በዕዳ መያዙና አለመያዙ አብሮ መገለጽ አለበት፤ አለበለዚያ ጧሪው የተቀበለው መሬት በወለድ አገድ ተይዞ ሲያገኘው፣ ክርክሩ የሚጀምረው ሽማግሌው መጦር በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። ሽማግሌው ሳይከፍል ቢሞትም ዕዳው አብሮት አይቀበርም፤ በውርስ ሕጉ መሠረት ከሟች ሀብት ላይ አስቀድሞ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የውርስ ማጣሪያ ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ይከፈላል፤ የኑዛዜ ስጦታ የሚነሳው ከእነዚህ የተረፈ ካለ ነው።