ደመወዝ ሲጨምር ቁጠባም የሚያድግበት ስልት

የገበያ ባለሙያዎች ዛሬ ነገ የማለትን ልማድ ለሽያጭ ይጠቀሙበታል። የመጀመሪያውን ወር አገልግሎት በነፃ ሰጥተው ክፍያው ከዚያ በኋላ በራሱ እንዲቀጥል የሚያደርጉት፣ ደንበኛው ውሉን ለማቋረጥ እንደሚዘገይ ስለሚያውቁ ነው።

ይህንኑ ባሕርይ ለቁጠባ ማዋል እንደሚቻል ያሳዩት በአሜሪካ የምጣኔ ሀብት ምሁራን የሆኑት ሪቻርድ ቴለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ ናቸው። በነደፉት ዕቅድ መሠረት ሠራተኛው ወደፊት ከሚያገኘው የደመወዝ ጭማሪ የተወሰነው ለጡረታ ቁጠባ እንዲውል አስቀድሞ ይስማማል። እጁ የሚገባው ገንዘብ ስለማይቀንስ እንደ ጉዳት አይቆጥረውም፤ ባሻው ጊዜም ከዕቅዱ መውጣት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ዕቅዱ በተጀመረበት አንድ የአሜሪካ የማምረቻ ድርጅት፣ የተሳታፊዎቹ ቁጠባ በ40 ወራት ውስጥ ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ አድጓል። ቴለር በሥነ ባሕርይ ምጣኔ ሀብት ላበረከቱት አስተዋጽኦ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በአገራችንም ዕቁብተኛው ገንዘቡ ሳይባክን ለመቆጠብ የሚረዳው አስቀድሞ የገባው ቃል ነው። የመንግሥት ሠራተኛም ቀጣዩ ጭማሪ ከዕለት ወጪው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት፣ ከፊሉ በየወሩ ወደ ቁጠባ ሒሳቡ እንዲዛወርለት ባንኩን በጽሑፍ ማዘዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ በየወሩ አዲስ ውሳኔ አያስፈልገውም።